በሕፃን ብርድ ልብስ የጠቀለልኳቸው ጠርሙሶች

ፈታሹ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ እጁ ቀስ ብሎ ነበር። ጨርቁ ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቢጫ ዳክዬዎች ተጠልፈውበታል። የሕፃን መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እሱም የሕፃን ዕቃ ነው ብሎ መሰለኝ በወግ ነበር የነካው። አንዱን ጫፍ ገለጠ፣ ሌላውንም ገለጠ፣ የጠርሙሱ አንገት ብቅ አለ። እጁን ሰበሰበ። ቀና ብሎ አየኝና አንድ ቃል ሳይናገር ከኋላው ወደቆመው አለቃው ዞረ። አለቃውም መጥቶ አየ፤ እሱም ዝም አለ።

አደጋ ውስጥ መግባቴን ያወቅሁት በዚያ ዝምታ ነው። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ማዳም ስትጮህ ነገሩ ያልፋል፤ ዝም ስትል ግን አያልፍም።

ያለሁት አውሮፕላን በምቀይርበት አገር ነበር። ከቤሩት በጠዋት ተነስተን እዚያ አረፍን፤ አራት ሰዓት ቆይተን የአዲስ አበባውን ልንይዝ። ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ለመሻገር እንደገና ፍተሻ አለ። ጫማ ይወልቃል፣ ሻንጣ በሳፋ ተደርጎ ወደ ማሽኑ ይገባል። ያ አገር ደግሞ መጠጥ በሕግ የተከለከለበት አገር ነው። ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አውቅ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከወንድሜ ነው። የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ኢተያ እህል ይነግዳል። ባሌ ሲሞት፣ እኔም ልጄን በአሥራ አራት ዓመቷ ትቼ ስሄድ፣ እሷን ወስዶ ያሳደገው እሱ ነው። አስተማራት፣ ዳራት። ሰርጓን እኔ ያየሁት በስልክ ነው፤ እሱንም ኔትወርኩ እየተቆረጠ። እሱ ኦርቶዶክስ ነው። እኔ በልጅነቴ ጌታን አግኝቼ ጴንጤ ሆንኩ። ያኔ እናታችን አሰላ አረቄ አውጥታ ትሸጥ ነበር። ዳገቱ ላይ ላሉት ደንበኞቿ በጄሪካን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ጴንጤ የሆንኩ ጊዜ አልሸከምም አልኳት። መጠጥ መጠጣትም መሸከምም አንድ ነው ብለው አስተምረውኛል፤ እኔም አምኜበታለሁ። እናቴ ምንም አላለችኝም። ጄሪካኑን ራሷ አዘለች፤ እስክትታመም ድረስ አዘለች። ወንድሜ ይህን ነገር አንድም ቀን ፊት ለፊት አንስቶት አያውቅም፤ ግን ቀልድ ባመጣ ቁጥር ከቀልዱ ሥር አለ።

ልመጣ ነው ብዬ ስደውልለት እንዲህ አለኝ፦

«መቼም የስብከት ትራክት ይዘሽልኝ እንዳትመጪ። አንድ ጠርሙስ ውስኪ ካመጣሽልኝ ልጅሽን ሰባት ዓመት ያሳደግሁበትን ምሬሻለሁ።»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልሳቅሁም። ይህ ሰው በዕድሜው የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የምሰጠው እኔ የምወደውን ሳይሆን እሱ የሚወደውን መሆን አለበት ብዬ ቆረጥኩ።

ቤሩት ኤርፖርት ውስጥ ቀረጥ የማይከፈልበት ሱቅ አለ። አብራኝ የምትጓዝ አንዲት ሴት ነበረች፤ ለልጄ ሽቶ ልግዛ ብያት ገባሁ። ይህች ሴት በቤሩት የእሁድ ጸሎታችን ሰብሳቢ ነች። የአርቦዬ ሰው ናት፤ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ ዘመዶቿ አሰላ ከእኔው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እሷ አንድ ነገር ካየች ወሬው ከእኔ በፊት አሰላ ይገባል። ስለዚህ ከሽቶው ጀርባ ዞሬ ወደ መጠጡ ሄድኩ። የትኛው ጥሩ እንደሆነ አላውቅም፤ ሳጥኑ ላይ ፈረስ ያለበትን አነሳሁ። አንዱ ቢሰበር አንዱ ይተርፋል ብዬ ሁለት አደረግሁት።

የምትሸጠው ልጅ ጠርሙሶቹን ከሳጥናቸው አውጥታ ወፍራም ፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው፤ ደረሰኙን እንዲታይ አድርጋ አብራ ጨመረችና አፉን አሸገችው። ከዚያ ጣቷን እያወዛወዘች ነገረችኝ። እቤትሽ እስክትደርሺ እንዳትከፍቺው፤ ከከፈትሽው ይወስዱብሻል። እንደታሸገ ከሆነ ግን በየትም አገር ብታልፊ ማንም አይነካሽም። ገብቶኛል።

ችግሩ ፌስታሉ እንደ መስኮት መሆኑ ነው። ውስጡ ያለው ከሩቅ ይታያል። በነጠላዬ ሸፍኜ እስከ አውሮፕላኑ አደረስኩት። ስቀመጥ ከእግሬ ሥር አኖርኩት፤ ሰብሳቢያችን ደግሞ ከጎኔ ናት። ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ እንኳ የምታየው ወደ እግሬ ይመስለኝ ነበር። ስንወርድስ? ስንፈተሽስ? እሷ ከኋላዬ ቆማ ፌስታሉ በሳፋ ሲያልፍ? ሰባት ዓመት ስንጸልይ ስናለቅስ ኖረን፣ በመጨረሻው ቀን ውስኪ ተሸክማ አየኋት ልትል ነው።

ስለዚህ የእጅ ሻንጣዬን ይዤ የአውሮፕላኑ ሽንት ቤት ውስጥ ገብቼ ፌስታሉን በጥርሴ ቀደድኩት። ለምትወለደው ወይም ለሚወለደው የልጅ ልጄ የገዛሁት ብርድ ልብስ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ሁለቱን ጠርሙሶች ጎን ለጎን አድርጌ ጠቀለልኳቸውና ከሥር ከተትኳቸው። ፌስታሉንና ደረሰኙን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመርኩ። ልጅቷ ይወስዱብሻል ነው ያለችኝ። ቢወስዱብኝ ይውሰዱ አልኩ። ያስሩሻል አላለችኝም።

እንግዲህ አለቃው ሰው ጠራ። በመደዳ የቆመው ሰው ሁሉ ያየኛል። ሰብሳቢያችን ከእኔ ቀድማ ስለተፈተሸች ወዲያ አልፋ ነበር፤ ጀርባዋን አየሁት። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ይህንን ዛሬም ራሴን እወቅስበታለሁ። እየወሰዱኝ እንኳ የምፈራው እሷን ነበር።

መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ሰዓት፤ ጥግ ላይ እጅ መታጠቢያ። ፓስፖርቴን ወሰዱት፣ ስልኬንም ወሰዱት። ጓንት ያደረገች ሴት መጥታ ገላዬን ፈተሸች፤ ሹሩባዬን ሳይቀር በጣቷ ፈለቀቀችው። ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል፤ ብርድ ልብሱ ከሥራቸው ተነጥፏል።

ልጄ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ነው። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ባለችበት ነው፤ ልጅቱ ወደ እናቷ ትመጣለች ወይ እናቷ ትሄድላታለች። እኔ ለዚህ ብዬ ነው ማዳምን አንድ ዓመት ሙሉ የለመንኳት። ልጄ አሰላ የወንድሜ የቀድሞ ቤት ውስጥ ሆና ትጠብቀኛለች። ለወር አበባዋ አልነበርኩም፣ ለሰርጓ አልነበርኩም። ለዚህች ብቻ ልድረስ ብዬ ነበር። ሰዓቱን አየሁት፤ ለአውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ከምናምን ቀርቶታል።

አንዲት የጎበሳ ልጅ ትዝ አለችኝ። ቤሩት አብራን ትጸልይ ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ የሰው ዕቃ ይዛ መንገድ ላይ ተያዘች አሉ። ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም። አንዱ ሁለት ዓመት ተፈረደባት ይላል፣ አንዱ አምስት። እናቷ እየደወለች ትጠይቀን ነበር፤ በኋላ መደወሉንም ተወችው።

አለቃው ተቀመጠ። ዕድሜው ከወንድሜ አይበልጥም። መጠየቅ ጀመረ። የእኔ አረብኛ የወጥ ቤት አረብኛ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ አጥቢ፣ ቶሎ በይ ሲሉኝ እሰማለሁ፤ እሺ ማለት እችላለሁ። ለምን ሲሉኝ ግን መመለስ አልተማርኩም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ማን ሰጠሽ አለኝ፤ ገዛሁት አልኩት። ደረሰኙስ አለ፤ ጣልኩት አልኩ። ፌስታሉስ? ቀደድኩት። እዚህ አገር ለማን ልታስረክቢ ነው? ለማንም፤ ለወንድሜ ነው አልኩት። ወንድምሽ የት ነው ያለው ሲለኝ አሰላ አልኩት። አሰላ የትኛው ሰፈር ነው ብሎ ጓንት ያደረገችውን ሴት ጠየቃት፤ እሷም እኔ እንጃ አለች። የከተማቸው ሰፈር መስሎት ኖሯል። ከአዲስ አበባ ወዲያ፣ ከአዳማ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ እያልኩ በእጄ አሳየሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ዳገቱም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ዋናውን ጠየቀኝ። ወደ አገሯ የምትሄድ፣ ከሱቅ የገዛች ሴት፣ ለምን ብላ ደረሰኝ ጥላ በሕፃን ጨርቅ ትደብቃለች?

አፍሬ ነው አልኩት። ያን ቃል አውቀዋለሁ፤ ማዳም ስትሰድበኝ የምትለው ነው። ማንን ነው ያፈርሽው አለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰው አልኩት። ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ አለ፤ ነኝ አልኩ። ክርስቲያን ይጠጣል አለኝ፤ እኛ አንጠጣም አልኩት። ወደ ሴትየዋ ዞሮ ፈገግ አለ። ክርስቲያን ነኝ ትላለች፣ መጠጥ ይዛለች፣ አልጠጣም ትላለች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ውሸት አታብዢ» አለኝ። ይቺን ደህና አድርጌ ሰማኋት።

እውነቱን ተናግሬ ውሸት ሆነብኝ። ብርድ ልብሱን አየሁ። ከዳክዬዎቹ አንዱ ላይ የጣት እድፍ አርፏል። ሰዓቱ ይሄዳል። አለቃው ወጥቶ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። በአገራቸው አረብኛ በፍጥነት የሚነጋገሩትን እየሰማሁ አንድ ቃል ብቻ እለይ ነበር፤ እስር ቤት የሚለውን። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ ሰው አላውቅም። ሽንቴ መጣብኝ፤ መጠየቅም ፈራሁ። ልጄ ዛሬ ብታምጥ፣ እናትሽ የት ናት ቢሏት፣ ምን ትላለች? ውስኪ ስታሳልፍ ተያዘች?

አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ሲቀር በሩ ተንኳኳ። ሰብሳቢያችን ናት። የአውሮፕላን መሳፈሪያው በር ላይ ስጠብቃት ጠፋችብኝ ብላ ተመልሳ፣ ከአንዷ የጽዳት ሠራተኛ ጠይቃ ነው ያገኘችኝ። ሁለቱ እጆቿ ላይ ሻንጣ አለ። ማንም ሳይፈቅድላት ገብታ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሥራ አምስት ዓመት አረብ አገር ስለኖረች አረብኛዋ የተሟላ ነው። አብራኝ ናት፣ አውሮፕላናችን ሊሄድ ነው አለችው። አለቃው ጠርሙሶቹን አሳያት። ጓደኛሽ እኛ አንጠጣም ትላለች፤ እውነት ነው? እውነት ነው፣ አንጠጣም አለችው። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

እሷም ጠርሙሶቹን አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«ከአንቺ ልደብቅ ብዬ ነው» አልኳት በአማርኛ። «ለወንድሜ ነው የገዛሁት። እንዳታዪኝ ብዬ ፌስታሉን ቀደድኩት።»

«እኔ እኮ ስትገዢ አይቼሻለሁ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ሽቶ ነው ያልሽኝ። ሽቶ ሲጋጭ እንደዚያ ይንኳኳል? ስትራመጂ እኮ እንደ በቅሎ ቃጭል ነበርሽ።» ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ የለም፤ ተቆጥታለች። «ጌታ አይቶሽ ዝም ያለውን፣ እኔን ፈርተሽ እዚህ ገባሽ።»

ይህን ብላ ወደ አለቃው ዞረች። የነገረችውን ግማሹን ነው የሰማሁት። ቤሩት ኤርፖርት ውስጥ ስገዛ በዓይኗ ማየቷን፣ ታሽጎ እንደነበር፣ ከእሷ አፍሬ እንደከፈትኩት፣ ሁለታችንም ከዚህ ቤት ደጅ ሳንወጣ አገራችን እንደምንገባ። ልጇን ልታዋልድ ነው የምትሄደው ስትለው በእጇ ሆዷን አሳየችው። ጓንት ያደረገችው ሴት ቀና ብላ አየችኝ። አለቃው ያመነ አይመስልም ነበር። የደከመው ነበር የሚመስለው። ስልክ ሊደውል ወጣ። ሰብሳቢያችንን ቀድመሽ ሂጂ ብላትም አልሄደችም። ልታጽናናኝም አልሞከረችም። ሰዓቱን እያየች ተቀምጣለች።

ሲመለስ ወረቀት ይዞ ነው። ጠርሙሶቹ ይወሰዳሉ፣ እኔም እፈርማለሁ። በአረብኛ የተጻፈ ነው፤ ሙሉ ገጽ። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፣ እሱንም በአማርኛ። ሰብሳቢያችን ትናገራለች እንጂ የአረብኛ ፊደል አታውቅም። ከሰባት ዓመት በፊት ስሄድም አንድ ያላነበብኩት ወረቀት ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት ነው ብለውኝ ነበር። እስክሪብቶውን ያዝኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

«ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«ጥፋተኛ ነኝ የሚል ከሆነስ? አስረክቤያለሁ የሚል ከሆነስ?»

«ሊሆን ይችላል። ልጅሽ ስታምጥ ጀርባዋን የሚይዝላት ማን ነው? ወረቀቱ?»

ፈረምኩ። ስሜን ስጽፍ አንድ ፊደል ዘለልኩ፤ ማንም አላስተዋለውም።

አለቃው ጠርሙሶቹን በዓይናችን ፊት ጥጉ ላይ ባለው መታጠቢያ ደፋቸው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሽታው ሞላት። የእናቴ ጓዳ ሽታ ነው፤ አረቄ የሚንጠባጠብበት ቀን። ጀርባዋ ታየኝ፤ ጄሪካኑን አዝላ፣ ገመዱ ደረቷን ይዞት፣ ዳገቱን እያቋረጠች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ። ባዶ ጠርሙሶቹ ሲቀመጡ ቀጭ አሉ። ጓንት ያደረገችው ሴት ብርድ ልብሱን አጥፋ ሰጠችኝ። አመሰግናለሁ ማለት ረሳሁ።

በሩጫ ነው የደረስነው። በሩን የሚዘጉት ልጆች ፊታቸውን አጨማደዱብን። ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላም ፍርሃቱ አልወጣም። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ለእኔ ነው የመጣው እል ነበር። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ፣ የፈረምኩት ወረቀት በስልክ ተልኮ አዲስ አበባ ይጠብቀኛል ብዬ አሰብኩ። ሰብሳቢያችን የመጣላትን ምግብ ስትበላ ቆየችና፣ እኔ የእኔን አለመንካቴን አይታ ብዪ አለችኝ። አልበላም ብላት የእኔን ሥጋ ወስዳ በላችው። ለሰው ትናገሪያለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ነበር። አልጠየቅኋትም። እስካሁንም መናገሯን አላውቅም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ማን አየኝ እያልኩ መፍራት ቀንሶልኛል።

ቦሌ ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ብዙ አየች። ከዚያ ማኅተሙን መታችና የሚቀጥለውን ጠራች። ወንድሜ ውጭ ቆሟል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ሽበቱ በስልክ አይታይም ነበር። መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኩት። «ጴንጤ ውስኪ ስትሸከም መልአኩም ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ግራ ገብቶት ነው» አለ። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ አየ፤ ወደ እኔ ሲዞር ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ዘመድ ቤት አድረን በነጋታው ተነሳን። አዳማን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ኬላ አስቆመን። ሁሉም ሰው ወርዶ ይፈተሻል። አንድ ወጣት ፖሊስ ሻንጣዬን «ባኒ» አለኝ፤ ክፈቺ ነው። ኦሮምኛ በልጅነቴ የተናገርኩት ቋንቋ ነው፤ ግን ዚፑን መክፈት አቃተኝ። ወንድሜ ከፈተለት። ልጁ የሕፃን ልብሱን አየና ሳይነካ ዘጋው። «ዴሚ፣ ሂጂ እናቴ» አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ እስከ ኢተያ ድረስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ሰው ብርድ መሰለው።

አሰላ የገባነው ረፋድ ላይ ነው። ልጄ ግቢው በር ላይ ቆማ ነበር፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ ሆዷ ገፍቶ። ትቻት ስሄድ እስከ ትከሻዬ ነበረች፤ አሁን ትበልጠኛለች። አልወለደችም። ገና ነው። ልታቅፈኝ ስትመጣ ዓይኗ ፊቴን ይመረምር ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም» አልኳት። «ደርሻለሁ። ቤቴ ገብቻለሁ፤ ከእንግዲህ የሚወስደኝ የለም።»